ዲፍ ሎክ ለማጥ ነው ወይስ ለድጥ?

ባለፈው ክረምት ከአለታ ወንዶ ወደ ውስጥ በምትገባ አንዲት የጠጠር መንገድ ላይ፣ ጠጠሩ ያለቀበት ቦታ ቆሜ ነበር። ቆሜ ስል መኪናው አቁሞኝ ማለቴ ነው። ፎር ዊል አስገብቻለሁ፣ ሎው (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚገፋው ማርሽ) ላይ ነኝ፣ ሞተሩ ያገሳል፣ እኛ ግን እዚያው ነን። ረዳቱ ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀብኝ። የፊት ቀኝ ጎማ ይሽከረከራል። የኋላ ግራ ጎማ ይሽከረከራል። ሌሎቹ ሁለቱ ደረቅ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። "ፎር በ ፎር አይደለም እንዴ? ግማሾቹ እረፍት ላይ ናቸው" አለኝ።

የሰፈሩ ወጣቶች ብዙም ሳይቆዩ ደረሱ። ዋጋውን ያውቁታል፣ ቦታውንም ያውቁታል። ከእኔ በፊት ስንቱን እንደገፉ ከጭቃው ላይ ባለው ቅርንጫፍና ድንጋይ ብዛት ይታያል። ተደራደርን፣ ከፈልኩ፣ ገፉን፣ ወጣን።

ሐዋሳ ተመልሼ ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሰጠኝ፦ "ዲፍ ሎክ አስገጥምበታ!" እሺ፣ ግን ዲፍ ሎክ (የዲፈረንሻል መቆለፊያ) ምንድነው ስል የሚያስረዳኝ ጠፋ። አንዱ ኃይል ይጨምራል ይላል። አንዱ መኪናው አይንሸራተትም ይላል። አንዱ ደግሞ ፎር ዊሉ ራሱ ነው ይላል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ከዚያ በኋላ ከአንድ የቆየ መካኒክ ጋር መኪና ሥር ተኝቼ፣ የመኪናዎችን መመሪያ መጽሐፍ እያገላበጥኩ የገባኝን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከጋሪ እንጀምር። የጋሪን ሁለት ጎማዎች እዩዋቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሽከረከረው። ፈረሱ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ በውስጥ በኩል ያለው አጭር። አንዱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ሌላው ቀስ ይላል፣ ማንም ማንንም አይጎትትም። ጋሪ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ግፊት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍሉት ጥርሶች፣ አያስፈልገውም፤ ምክንያቱም የሚጎትተው ፈረሱ እንጂ ጎማዎቹ አይደሉም።

ችግሩ የሚመጣው ጎማዎቹ ራሳቸው እንዲገፉ ሲፈለግ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ አንድ ነው፣ የሚገፉት ጎማዎች ሁለት ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ብታያይዟቸው ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ። ታዲያ አደባባይ ላይ ስትዞሩ የውስጠኛው ጎማ የግድ መንሸራተት አለበት። ጎማ ያልቃል፣ መሪ ይከብዳል፣ ብረቱ ይጣመማል። ዲፈረንሻል የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እያዞረ ሁለቱንም እንዲገፉ ለማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ኦኔሲፎር ፔክዌር የሚባል ፈረንሳዊ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ሠርቶታል። ዛሬ ከተማችንን የሞላው ባጃጅም ሳይቀር ትንሽዬ ዲፈረንሻል አለው።

አሁን ዋናው ነገር። ዲፈረንሻል ፍጥነትን ለሁለት ይከፍላል እንጂ ግፊትን አያበላልጥም። ለሁለቱም ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል ግፊት ነው የሚሰጠው። ይህን አንዴ ከያዛችሁት የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ጥማድ በሬ አስቡ። ቀንበሩ በሁለቱ ጫንቃ ላይ ነው፣ ሞፈሩ መሃሉ ላይ በምራን ታስሯል። ቀንበሩ መሃሉ ላይ እንደ ሚዛን መወዛወዝ ስለሚችል ጥማዱ ሲዞር የውጭው በሬ ቀደም ይላል፣ የውስጡ ይዘገያል፣ ሞፈሩ ግን መሃል ላይ ሆኖ ይከተላል። ይህ ዲፈረንሻል ነው። እንግዲህ አንደኛው በሬ ለገመ እንበል። ሌላው የፈለገውን ያህል ቢጎትት ቀንበሩ ይጣመማል እንጂ ማረሻው አይንቀሳቀስም። የብርቱው በሬ ጉልበት የሚወሰነው በለጋሚው ነው። ለጋሚው ምንም ካልያዘ ብርቱውም ምንም የሚጎትተው የለም።

ማጥ ውስጥ የገባው ጎማ ለጋሚው በሬ ነው። ለምሳሌ ያህል ይህ ጎማ መሬቱን በ20 ኪሎ ብቻ መግፋት ይችላል እንበል፣ ከዚያ በላይ ሲሰጠው ይሽከረከራል። ደረቅ ላይ ያለው ጓደኛው 400 ኪሎ መግፋት ይችላል። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም እኩል ስለሚሰጥ ደረቁም የሚደርሰው 20 ነው። ድምሩ 40። ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ይኑረው፣ ስንት ሲሊንደር ይኑረው፣ ያችን 40 አያልፍም። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የምትጨምሩት የሚሽከረከረውን ጎማ ፍጥነትና የጉድጓዱን ጥልቀት ብቻ ነው።

ፎር ዊልስ? አብዛኛው ፒካፕ ላይ ፎር ዊል ስታስገቡ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይያዛሉ። ግፊት ለፊትም ለኋላም ይደርሳል። ግን የፊቱም የኋላውም የየራሳቸው ዲፈረንሻል አላቸው፣ ሁለቱም ተራ ናቸው። ሁለት ጥማድ አለ ማለት ነው፣ ከየጥማዱ አንድ ለጋሚ ከተገኘ ሁለቱም ጥማድ ቆመ። ለዚህ ነው ቦይ ወይም ጎርባጣ ላይ መኪናው በሰያፍ ሲቆም፣ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ሲንጠለጠሉ፣ ፎር ዊሉ ከንቱ የሚሆነው። አለታ ወንዶ ላይ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

ዲፍ ሎክ እንግዲህ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር በብረት መበየድ ነው፣ ቁልፍ ስትጫኑ የሚበየድ፣ ስትለቁት የሚፈታ። ቀንበሩ መጣመም ስለማይችል ብርቱው በሬ ብቻውን ይጎትታል። ቅድም ባልነው ቁጥር ከ40 ወደ 420 ሄድን ማለት ነው። ሞተሩ አልተቀየረም፣ ጎማው አልተቀየረም፣ መሬቱም ያው ነው። ኃይል አልተጨመረም፤ የነበረው እንዳይባክን ተደረገ እንጂ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ከድጡ ወደ ማጡ" እንላለን። ድጥ ሌላ፣ ማጥ ሌላ። ማጥ ይይዛል፣ ድጥ ያንሸራትታል። ዲፍ ሎክ የማጥ መድኃኒት ነው። አንዱ ጎማ ሰምጦ፣ ተንጠልጥሎ፣ ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ተአምር ይሠራል። አራቱም ጎማዎች እኩል ድጥ ላይ ሲሆኑ ግን ብርቱ በሬ የለም። የሌለ ጉልበት አይቆለፍም።

ይባስ ብሎ ድጥ ላይ ሊጎዳችሁ ይችላል። የሲዳማ ደጋን ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሳሙና ነው። መንገዱ ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። በተራ ዲፈረንሻል ስትሄዱ አንዱ የኋላ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ እየተንከባለለ ነው። አይገፋም፣ ግን መሬቱን ወደ ጎን ይዟል። መልሕቅ በሉት። ዲፍ ሎክ ስታስገቡ ሁለቱም አብረው ይሽከረከራሉ፤ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም መያዝ ያቆማል። መልሕቁን ቆረጣችሁት። የመኪናው ቂጥ ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ ይሄዳል፣ እናንተም በመስታወት እያያችሁ ትከተሉታላችሁ። ገደላማ መንገድ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ጎን ለጎን የሚያዘነብል ድጥ ላይ ሎክ አይገባም፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ወደ ዓይነቶቹ እንሂድ። ገበያው ላይ "ሎክ" የሚባለው ሁሉ ሎክ አይደለም።

ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው አለ። ይህ ቀንበሩን አይበይደውም፣ ምራኑን ያጠብቀዋል ብትሉ ይሻላል። ውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ዓይነት ዲስኮች ወይም ልዩ ጥርሶች አሉት። ትንሽ ልዩነት ሲመጣ ያግዛል፣ ለጠጠር መንገድ ጥሩ ነው። አንዱ ጎማ ጨርሶ አየር ላይ ከወጣ ግን ብዙም አይረዳችሁም፤ ዲስኮቹ ሲያረጁ ደግሞ ወደ ተራ ዲፈረንሻልነት ይመለሳል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይህን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው አውቶማቲክ ሎከር ነው። ቁልፍ የለውም። ነዳጅ ስትሰጡ ራሱ ይቆልፋል፣ ስትታጠፉ ራሱ ይለቃል። ዲትሮይት ሎከር የሚባለው የአሜሪካ ሥሪት ስሙ የታወቀ ነው። ከነባሩ የዲፈረንሻል ቤት ውስጥ ትንንሾቹን ጥርሶች አውጥቶ በቦታቸው የሚገቡ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። ዲትሮይቱ ጥንካሬ ላይ አይታማም። ግን ሁለቱም አስፋልት ላይ ስትታጠፉ ቀጭ ቋ ይላሉ፣ አንዳንዴ መሪውን ሰበቅ ያደርጉታል። ትልቁ ችግራቸው ግን ሌላ ነው፤ ድጥ ላይ ሎኩን ላውጣው ብትሉ ማውጫ የላቸውም። ቅድም ያልኩትን መልሕቅ አስታውሱ። ለእኛ ደጋ መንገድ አልመርጣቸውም።

ሦስተኛው እናንተ የምታዙት ነው። ካላዘዛችሁት ተራ ዲፈረንሻል ነው፤ ቁልፉን ስትጫኑ መቶ በመቶ ይቆለፋል። በነፋስ የሚሠራ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ፣ በሽቦ የሚጎተትም አለ። በነፋስ ከሚሠሩት ታዋቂው ኤአርቢ የተባለው የአውስትራሊያ ድርጅት ኤር ሎከር ነው። ትንሽ ኮምፕረሰር መኪናው ላይ ይታሰራል፣ ከጎማ ነፋስ ሦስት እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት በቀጭን ቱቦ ወደ ዲፈረንሻሉ ይነፋል፣ ውስጥ ያለው ቀለበት ተገፍቶ ጥርሶቹን ይይዛል። ጥሩ ጎኑ ኮምፕረሰሩ ጎማም ይነፋላችኋል። መጥፎ ጎኑ ቱቦው ነው፤ ድንጋይ ከመታው፣ ሙቀት ካገኘው፣ ከውስጥ ያለች ትንሽ የጎማ ቀለበት ካለቀች ሎክ የለም። የኤሌክትሪኩ ነፋስ አያስፈልገውም፣ ገመድና ፊውዝ ብቻ። ፋብሪካዎች ራሳቸው ፒካፕ ላይ ሲገጥሙ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ይህን ነው።

አራተኛ መንገድ አለ፣ ልተወው አስቤ ነበር፣ ግን ስለሚደረግ ልናገር። ዲፈረንሻሉን አስወጥቶ የውስጥ ጥርሶቹን ማስበየድ። በያጅ ቤት በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ለዘላለም ተቆልፎ ይኖራል። እርሻ ውስጥ ብቻ ለሚዞር መኪና ምናልባት። ከሐዋሳ ሻሸመኔ በአስፋልት ለሚመላለስ መኪና ግን የኋላ ጎማ መብላት፣ አክስል መስበር፣ ዝናብ ላይ ኩርባ ይዞ ቀጥ ማለት ነው። ተሳፋሪ የምትጭኑበት መኪና ላይ በፍጹም አታድርጉት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ያላችሁን እወቁ። አንድ ወዳጄ ለሎክ ዋጋ ሲያጠያይቅ ከረመ። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው ያለው፣ ከሌላ ሰው የገዛው። አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ የስልክ መያዣ የተለጠፈበትን ቦታ ሲያጸዳ አንዲት ቁልፍ አገኘ። አራት ጎማና በኋለኞቹ ሁለቱ መሃል የኤክስ ምልክት ያለባት። ሎኩ ከፋብሪካው ጀምሮ አለ! ስንጫነው መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይበራም፤ ለዓመታት ማንም ስላልነካው ሎኩን የሚያስገባው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ደርቆ ተይዟል። እሱን አስጠግኖ ከሙሉ ሎክ ዋጋ ተረፈ።

ቁልፍ ከሌለ ደግሞ እንዲህ ፈትኑ። ደልዳላ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በታኮ በደንብ አስይዙ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሱና መኪናውን ጠንካራ መደገፊያ ላይ አስቀምጡት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። ሌላው ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ሊሚትድ ስሊፕ ወይም ሎክ አለው፤ ያረጀ ሊሚትድ ስሊፕ ግን እንደ ተራው ሊዞር ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

አዳዲሶቹ ፒካፖች ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ትራክሽን ኮንትሮል። የሚሽከረከረውን ጎማ ኮምፒውተሩ ለይቶ በፍሬን ይይዘዋል። በለጋሚው በሬ በኩል ያለው የቀንበሩ ጫፍ እንዳይሸሽ እንደመያዝ ነው፤ ቀንበሩ መደገፊያ ያገኝና ብርቱው መጎተት ይጀምራል። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል። እስኪሠራ ግን ጎማው ትንሽ መሽከርከር አለበት፣ በዚያች ቅጽበት ማጡ ይቆፈራል። ሎክ ግን ከመግባታችሁ በፊት ዝግጁ ነው። በነገራችን ላይ አሮጌ መኪና ላይ የእጅ ፍሬንን በስሱ ሳብ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ተመሳሳይ ሥራ በትንሹ ይሠራል፤ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን የሚይዝ ከሆነ። ነፃ ነው፣ ሞክሩት። ብዙ አትጠብቁ።

የለውም፣ ልግዛ ካላችሁ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የመኪናው ትክክለኛ ሞዴልና ዓመት፣ የዲፈረንሻሉ የጥርስ ምጣኔ፣ የአክስሉ ጫፍ የጥርስ ብዛት። ምጣኔ ማለት ክራውን የሚባለው ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት፣ እሱን ከምታዞረው ትንሿ ባለ ጥርስ ፒኒየን ስንት እጥፍ ጥርስ አለው ማለት ነው፤ 41 ጥርስ በ10 ከሆነ 4.1 ነው፣ 43 በ11 ከሆነ 3.9 ገደማ። ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሥር ባለችው የብረት ሰሌዳ ላይ የአክስል ኮድ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እሷን ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ። ሎኩ በክራውኑ ውስጥ የሚቀመጠውን ቤት ነው የሚተካው፣ ስለዚህ ምጣኔው አይቀየርም። መካኒኩ "ክራውኑም አርጅቷል፣ ከሌላ መኪና እንቀይር" ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የፊትና የኋላ ምጣኔ ካልተመሳሰለ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቀን ብረት ትሰብራላችሁ።

ዋጋ? ውጭ አገር የነፋሱ ሎክ ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ኮምፕረሰሩን ሳይጨምር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቁጥር በብር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል እናንተው አስሉት። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ሁላችንም ያለንን አሮጌ መኪና ይበልጥ እየተንከባከብን ነው፣ ስለዚህ ፍላጎቱ ይገባኛል። ርካሽ ኮፒም ገበያ ላይ አለ። ዲፈረንሻል ውስጥ የሚሰበር ብረት ግን ብቻውን አይሰበርም፤ ክራውኑንም ፒኒየኑንም ይዞ ነው የሚሄደው።

አገጣጠሙ ላይ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ከዕቃው ይልቅ እጁ ይወስነዋል። ክራውንና ፒኒየን ሲነካኩ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ላይ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት የጸጉር ውፍረት በሉት። ይህ በእጅ ነቅንቆ፣ በጆሮ ሰምቶ አይገመትም። ዳያል ጌጅ (እንዲህ ያለ ትንሽ ክፍተት የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ያስፈልጋል። ጥርሶቹ ላይ ቀለም ቀብቶ፣ አዙሮ፣ የት ጋ እንደሚነካኩ ማየት ያስፈልጋል። የኩሽኔታው ጥብቀት መለካት አለበት። መካኒኩን ስትጠይቁት "ዳያል ጌጅ አለህ?" በሉት። "ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አያስፈልገኝም" ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ከጠበበ ይሞቃል፣ ከሰፋ ያንቋቋል፣ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ ያስጮኻል።

ደግነቱ ሃይሉክስ ላይ የኋላው ዲፈረንሻል ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይወጣል። አክስሎቹን ሳብ፣ ዳዶዎቹን ፍታ፣ ጠቅላላው በእጅ ይወጣል፣ ከባድ ነው እንጂ። ስለዚህ እዚህ አካባቢ መለኪያ ያለው ሰው ካጣችሁ መኪናውን 275 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ አዲስ አበባ መውሰድ የለባችሁም፤ ዲፈረንሻሉን ብቻ በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ መላክ ትችላላችሁ። ሌሎች አንዳንድ መኪኖች ላይ ሥራው ከዘንጉ ቤት ሳይወጣ ነው የሚሠራው፣ እዚያ ይህ ዘዴ የለም።

የፊት ነው የኋላ? የኋላ። ሁለቱንም አስገጥሙ የሚላችሁ ሰው ወይ ሻጭ ነው ወይ የመኪና ፍቅር ያበደበት። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጭነቱም ከኋላ ነው፣ የኋላው አክስልም ይጠነክራል። የፊቱ ሲቆለፍ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ይፈልጋል፣ መሪ ጠምዝዛችሁ ነዳጅ ከረገጣችሁ ደግሞ ሲቪ ጆይንቱን (የፊት ጎማውን ዘንግ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ትሰብሩታላችሁ። እውነቱን ለመናገር እሸት ቡና ከማሳ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ለሚያመላልስ ሰው የፊት ሎክ አያስፈልገውም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከተያዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት አስገቡት። ቁሙ ወይም በእግር ጉዞ ፍጥነት ሁኑ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ መብራቱ ቀጥ ብሎ እስኪበራ ጠብቁ። ጎማ እየተሽከረከረ በፍጹም እንዳትጫኑት፤ በፍጥነት የሚዞርን ጥርስ ከቆመ ጥርስ ጋር ማጋጨት ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ሎው ካልገባ አይሠራም፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ኤቢኤሱ (ፍሬን ስትይዙ ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) እና ትራክሽን ኮንትሮሉ አብረው ይጠፋሉ፤ መመሪያ መጽሐፉን እዩ። ከማጡ እንደወጣችሁ አውጡት። መብራቱ አልጠፋ ካለ አትደንግጡ፣ ጥርሶቹ ተጨናንቀው ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ሂዱ፣ መሪውን ግራ ቀኝ በሉት፣ ይለቃል። አስፋልት ላይ ሎክ አስገብቶ መታጠፍ ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አሁን "ታዲያ አንተስ አስገጠምክ?" የሚለኝ ይኖራል። አላስገጠምኩም፤ ገና ነኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ላሽ ብሎ የነበረውን ጎማዬን መቀየር ነው። ከሎክ ዋጋ በታች ነው፣ ድጥ ላይም ማጥ ላይም ይሠራል። ሁለተኛ የጎማ ሰንሰለት ገዛሁ። የጭነት ሾፌሮች በክረምት ጎማ ላይ ሰንሰለት ሲጠመጥሙ አይታችሁ ይሆናል፤ ቀይ ጭቃውን ቆርጦ ከታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይነካል። ሎክ የማይሰጣችሁን መያዣ ሰንሰለት ይሰጣችኋል። ማሰሩ ይቆሽሻል፣ እጅ ይላጫል፣ ረዳቱም ያኮርፋል። ሦስተኛ ገመድና አካፋ። የሚቀጥለው ክረምት ላይ እነዚህ ሁሉ እያሉኝም በሰያፍ እየተንጠለጠልኩ የምቸገር ከሆነ ያኔ የኋላ ሎክ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን።

ያላችሁ ወይም ያስገጠማችሁ ሰዎች፣ አዲስ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቀይሩት፤ አዲስ ጥርስ የብረት ብናኝ ይጥላል። የዘይቱ ደረጃ ጂኤል 5 መሆኑን ዕቃው ላይ አንብቡ፣ ሊሚትድ ስሊፕ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የተሠራውን ዘይት። ወንዝ አቋርጣችሁ ዲፈረንሻሉ ውኃ ውስጥ ከዋለ ዘይቱን ፍቱና እዩት፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። እና ሎኩን በወር አንድ ጊዜ፣ ባያስፈልጋችሁም፣ ጠጠር ወይም አፈር ላይ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ አስገብታችሁ አውጡት። ያ ወዳጄ አሁን ወሩ በገባ ቁጥር ከአላሙራ ተራራ ሥር ባለው የአፈር መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ታገኙታላችሁ። የስልክ መያዣውንም ወደ መስታወቱ አዛውሮታል።